ጋሽ ብዬነበር እና ሃያ ሦስት ቁጥር

በየመሥሪያ ቤቱና በየሰፈሩ አንድ «ብዬ ነበር» ባይ አይጠፋም። ብርጭቆ ሲሰበር፣ ጣሪያ ሲያፈስ፣ ትዳር ሲፈርስ ከሁሉ ቀድሞ ይደርሳል። ይዞ የሚመጣው ግን መዶሻ ሳይሆን ወቀሳ ነው።

በጦርነቱ ጊዜ መብረር በተማርኩበት የአየር ኃይል ሰፈር ይህን ታላቅ ሹመት የያዙት ዋና መካኒካችን፣ ክቡር ጋሽ ብዬነበር ነበሩ። እውነተኛ ስማቸውን የሚያውቀው የሰፈሩ ጸሐፊ ብቻ ነው።

የሚጠግኗት አውሮፕላን ሃያ ሦስት ቁጥር ትባላለች፤ ባለ ሁለት መቀመጫ፣ አሮጌ ማሠልጠኛ። ታሪኳን በቃላቸው ይወጡታል። «በመጀመሪያው ዓመት በሆዷ አረፈች፤ ብዬ ነበር። በሁለተኛው አፍንጫዋን መሬት ተከለች፤ ብዬ ነበር። የቀኝ ክንፏ ከሌላ አውሮፕላን ሬሳ የተነቀለ ነው፤ እሱንም ብዬ ነበር።» ይህን ሁሉ የሚነግሩን ቀበቷችንን አስረን ሞተሩ እስኪሞቅ ስንጠብቅ ነው።

«ጋሼ፣ ምናለ አንድ ቀን እንኳ ሳይሉ ቢቀሩ?» አልኳቸው አንዴ።

«ይሄን እንደምትለኝ ለሚስቴ ብዬ ነበር።»

አንድ ረፋድ መሪውን እኔ ይዤ ከአስተማሪዬ ጋር ለማረፍ ወረድን። ጎማችን ማኮብኮቢያውን ሲነካ የግራውን ጎማ የተሸከመው እግር ተሰበረ፤ ክንፏ መሬት ቧጠጠና ተገለበጥን። እኔን ጎትተው አወጡኝ። ከፊቴ የተቀመጡት አስተማሪዬ ግን ሞተው ነው የወጡት። የሁለት ሕፃናት አባት ነበሩ።

በሳምንቱ አጣሪ ኮሚቴ ተቀመጠ። ጥፋቱ የኔ ከሆነ የምቀርበው ጦር ፍርድ ቤት ነው፤ በዚያ ዘመን ደግሞ እዚያ ቀርቦ የተመለሰ ሰው አላውቅም። ጋሼ ለምስክርነት ተጠሩ። ከጥፋቱ የሚያመልጡበትን መንገድ ሰብሳቢው ኮሎኔል ራሳቸው ከፈቱላቸው።

«መቼም እርስዎ ሳይሉ አይቀሩም። ይሄ ልጅ ሲያሳርፍ ይጥላታል፣ አንድ ቀን ይሰብራታል ብለው ነበር አይደል?»

ዓይኔን ጨፈንኩ። ሰውዬው ዕድሜ ልካቸውን ሲጠብቁት የኖሩት ጥያቄ ነው።

ጋሼ ቆባቸውን አወለቁ። «አላልኩም» አሉ። «የተሰበረውን ብረት አይቼዋለሁ፤ ውስጡ የዛገ፣ የቆየ ስንጥቅ ነው። ጠዋት የመረመርኩት እኔ ነኝ፤ የፈረምኩትም እኔ። አላየሁትም። ልጁ በደንብ ነው ያሳረፈው።»

እኔ ነፃ ወጣሁ። እሳቸው ማዕረጋቸው ተገፎ ግንባር ተላኩ። የሃያ ሦስት ቁጥር ሞተር ለሌላ አውሮፕላን ተሰጠ፤ አገልግሎቷም በዚያው አበቃ።

ሳልጠይቃቸው ዓመት ማለፉ እስካሁን ያሳፍረኛል። ወታደር ሆስፒታል ሳገኛቸው ሁለት እግራቸውን ቦምብ ወስዶታል። ከገቡ ጀምሮ አንዲት ቃል እንዳልተነፈሱ ነርሷ በር ላይ ነግራኛለች። ሄጄ አልጋቸው አጠገብ ቆምኩ።

ቀና ብለው አዩኝና ወደ ጎረቤታቸው ቁስለኛ ዞሩ።

«ይሄ ልጅ ይመጣል ብዬ ነበር» አሉት።

ቁስለኛው ግራ ገብቶት እኔን አየኝ።

«ብለው ነበር፣ ጋሼ» አልኩ።