ደሳለውን ያልቆጠረች

ከተማ ማለት አንድ መንገድ፣ አንድ ገበያና አንድ ዘር ቆጣሪ ያለበት ቦታ ነው። መንገዱ ሊበላሽ፣ ገበያው ሊቀዘቅዝ ይችላል፤ ዘር ቆጣሪው ግን ከቦታው አይታጣም። ሰላምታህን ሳትጨርስ «የማን ልጅ ነህ?» ይልሃል። የአባትህን ስም ስትነግረው «እሱስ የማን?» ይላል። አያትህ ላይ ስትደርስ ዓይኑን ጨፈን አድርጎ ይቆይና፣ አንተ የማታውቃትን አክስት ከወግዲ፣ ያልሰማኸውን የመሬት ክርክር ከከላላ አምጥቶ ፊትህ ላይ ይዘረግፈዋል። ለቅሶ ለመድረስ ብትቸኩልም አይለቅህም፤ ሟቹም ዘመድህ መሆኑን ሳታውቅ ልትቀብረው ነዋ።

የመካነ ሰላሙ ዘር ቆጣሪ ክቡር አያ ጀላል ሰዲቅ ነበሩ። ሥራቸው የእንስሳት ጤና ረዳትነት ነው። ክትባት ይዘው ገጠር ሲወጡ በሬው መርፌውን፣ ባለቤቱ ጥያቄውን ይቀበላል፤ በሬው ቶሎ ይለቀቃል። በዚያ ዘመን መንግሥት ሰዉን አንድ ለአምስት ያደራጅ ነበር፤ አያ ጀላል ደግሞ አንድ ለሰባት፤ ያገኙትን ሁሉ ሰባት አባቶቹን ያስቆጥራሉ። የሚቆጥረው ሰው ከመሃል አንዱን አያት ዘሎ ካለፈ ጣታቸውን ያነሡና፣ ድምፃቸውን ሳያሰሙ ማለት ይቻላል፣ እንደ ዳኛ፣ «አባት ገደልክ» ይላሉ። አባት የገደለ ሰው ከራሱ ጀምሮ እንደገና ይቆጥራል። ልጅ ለመዳር ያሰበ ክርስቲያን ቤተሰብ ወሬው ጆሯቸው እንዳይደርስ ይጠነቀቅ ነበር። አንድ ጊዜ ድንኳን ከተተከለ በኋላ ሙሽራውና ሙሽራዪቱ በስድስተኛው አያት እንደሚገናኙ ደርሰውበት፣ ድንኳኑ ሲነቀል ካስማውን እሳቸው ራሳቸው እያዘኑ አቀበሉ።

ሰልሰቢል ከመናኸሪያው በላይ ትንሽ ኢንተርኔት ቤት ነበራት። አያ ጀላል በሁለት ሺህ ስድስት ዓመተ ምሕረት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲመጡ፣ ገና ደጃፉን ሳያልፉ አስቆጠሯት። አምስተኛው ላይ ደረሰችና ጠፋባት። ቤቱ ሰው ሞልቶበታል፤ አፈረች። ስድስተኛውንና ሰባተኛውን ከራሷ ፈጥራ ጨመረች። አያ ጀላል ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው ገለጡ። ከዚያ «ማሻአላህ» ብለው ተቀመጡ። ይኼ ሰውዬ ሰው እንደሚያወራለት አይደለም፣ አለች ሰልሰቢል በልቧ።

የመጡት የቤተሰብ ዛፍ የሚተከልበት ድረ ገጽ መኖሩን ሰምተው ነው። ድረ ገጹ የፈረንጅ ነው፤ የቤተሰብ ስም ሙሉ ይላል። እሳቸው ለእያንዳንዱ ሰው የአባቱን ስም ሞሉለት። ስሙ በየትውልዱ ሲለዋወጥበት ድረ ገጹ ግራ ተጋብቶ፣ አባትና ልጁ በእርግጥ ዝምድና እንዳላቸው እንዲያጣሩ በትሕትና ጠየቃቸው። ሰልሰቢል ተረጎመችላቸው። ፈረንጅ አንድ ስም ተሸክሞ ስለሚዞር መቁጠር አይለምድም፣ አይፈረድበትም አሉ።

ችግሩ የመጣው ከዘመድ ብዛት ነው። የአባታቸው ወገን ቁርኣን የሚያስቀራ የእስላም ቤት ነው፤ እዚያ ስማቸው ጀላል ነው። እናታቸው ወለተ ሥላሴ ደግሞ ከደብተራ ቤት የወጡ ናቸው፤ የእናታቸው ወገን ከልጅነታቸው ጀምሮ የሚጠራቸው አካሉ እያለ ነው። በአንድ አካውንት ሁለቱን ወገን ሲያስተናግዱ ግማሹ ጀላል ማን ነው፣ ግማሹ አካሉ ማን ነው ይል ጀመር። ሁለት አካውንት ከፈቱ። አሁን ደግሞ ከአንዱ ሳይወጡ ሌላው አልገባ አላቸው። ሰልሰቢል ታዲያ የአባትዎን ወገን በክሮም፣ የእናትዎን ወገን በፋየርፎክስ ይክፈቱ ብላ መከረቻቸው። ይህን ስትል ሥርዓተ አምልኮ እየደነገገች መሆኗን አላወቀችም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ክሮም ዓርብ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ይከፈታል። «ቀበሮዋ» የሚሏት ፋየርፎክስ ደግሞ በወር አንድ ጊዜ፣ የማርያም ዕለት። ሁለቱ ባንድነት ተከፍተው ከታዩ ሰልሰቢል ትወቀሳለች። የይለፍ ቃሎቻቸው የአያቶቻቸው ስሞች ናቸው፤ አንድም አባት እንዳይገደል ጮክ ብለው እየቆጠሩ ስለሚጽፏቸው ምስጢሩን የማያውቅ ደንበኛ አልነበረም። ያን ሁሉ ጥንቃቄ አድርገውም አንድ ጊዜ ተሳሳቱ። የዒድ መልካም ምኞታቸው በቀበሮዋ በኩል ሄዶ አጎታቸው መሪጌታ ቃለ ክርስቶስ ዘንድ ደረሰ። መሪጌታም ሳይውሉ ሳያድሩ መለሱ፦ «እንኳን አብሮ አደረሰን። ሥጋውን እናንተው ብሉት፤ የፍየሉን ቆዳ ግን ለብራና ላክልኝ።» ቆዳው ተላከ።

ሰው በዚህ ሁሉ ይስቅ ነበር። ለምን እንደሚቆጥሩ ግን ሁሉም ያውቃል፤ ደብቀውትም አያውቁም። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ጊዜ፣ ጀላል ገና ጢም ያላበቀለ ልጅ ሳለ፣ ከእናቱና ከታናሽ እኅቱ ከዓሊማ ጋር እርዳታ ወደሚታደልበት ወደ አቀስታ ሄደ። መንገዱ ረጅም ነው፤ ልጅቱ ስታለቅስበት አባቶቿን ያስቆጥራት ነበር። ብትጠፊ ቁጠሪ፣ የሚያውቅሽ ሰው ሰምቶ ይመልስሻል ይላታል። መጠለያው ውስጥ እናታቸው ታመሙ። ጀላል ውኃ ሊቀዳ ሄዶ ሲመለስ ዓሊማ የለችም። ከሰፋሪዎች ጋር መኪና ላይ ተጭናለች አሉት። ወዴት የሄደ መኪና እንደሆነ የሚነግረው አላገኘም። እናታቸውም ብዙ አልቆዩም። እንግዲህ ያ ዛፍ በሙሉ፣ ከነሸሁ ከነመሪጌታው፣ የተተከለው አንድ ቀን ዓሊማ የምትቆጥርበት ሰው ብትፈልግ እንድታገኝ ነው።

ፍለጋውን ክሮም ላይ ባወጡት በጥቂት ወራት ውስጥ አንድ ሰው መጣ። ዓሊማን አውቃታለሁ አለ፤ ሰባቱንም አባቶች አንድ ሳይገድል ቆጠረ። አያ ጀላል አለቀሱ፤ ፍየል አረዱ፤ ሰውዬው በላ፣ ጠጣ፣ ስንቅ ተቋጠረለት፤ እኅትዎን ይዤ እመጣለሁ ብሎ ሄደ። በሄደበት ቀረ። ሰባቱን ያገኘው ከራሳቸው ዛፍ ላይ አንብቦ ነበር።

ያን ጊዜ ሦስተኛው አካውንት ተወለደ። ሦስተኛው የኢንተርኔት መክፈቻ፣ ሰማያዊው «ኢ»፣ ሥራ ፈትቶ ተቀምጦ ስለነበር እዚያ ከፈቱት። ስሙን ጀብሪል አሉት፤ ፎቶው የተዘጋ የእንጨት በር ነው። ዛፉን ከአራተኛው አያት ጀምሮ ወደ ላይ ደበቁና፣ ዓሊማን አውቃለሁ የሚል ሁሉ በመጀመሪያ ለጀብሪል ይጻፍ ብለው አወጁ። ጀብሪል ይጠይቃል እንጂ አይመልስም። የበሩ ቁልፍ አራተኛው አያት ደሳለው ነው።

ደሳለው የአያ ጀላል ኩራት ነበር። ልጁን እንድሪስን ሳያይ በጎልማሳነቱ የሞተ ሰው ነው። እንድሪስን ያሳደገው አያቱ ይመር ስለሆነ ቤተ ዘመዱ ሁሉ «እንድሪስ ይመር» እያለ ኖረ፤ ደሳለው ከመሃል ጠፋ። አያ ጀላል ትልቅ ሰው ከሆኑ በኋላ በበቅሎ ከላላ ድረስ ሄደው፣ የዕድሜ ባለጸጎችን ጠይቀው መለሱት። «ያነሣሁት አባት ነው» ይሉ ነበር። ይመርን ማንም ሊያውቅ ይችላል፤ ደሳለውን የሚያውቅ ግን የቤት ልጅ ብቻ ነው፤ ሌባ እዚያ ላይ ይያዛል ይላሉ።

ብዙዎች ተያዙ። ከተያዙት አንዷ ከኢሉባቦር የጻፈች ሙስሊማ የምትባል ልጅ ነበረች። እናቷ ዓሊማ እንደምትባል፣ ከወሎ በሰፈራ እንደመጣች፣ አሁን በጠና ታማ እንደተኛች ጻፈች። ጀብሪል ቁጠሪ አላት። ልጅቱ ቆጠረች፦ ሰዲቅ፣ ሀቢቡላህ፣ እንድሪስ፣ ይመር፣ ቸኮል፣ ጎበዜ።

አያ ጀላል ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ በሁለት ጣታቸው «አባት ገድለሻል፤ የእኛ አይደለሽም» ብለው ጻፉ።

እናቴ የምታውቀው ይህን ብቻ ነው ስትል ልጅቱ መለሰች። ጀብሪል አልመለሰም። ሰልሰቢል ምናልባት እናትየዋ ረስተውት ይሆናል፣ ሕፃን ሆነው ነው የሄዱት አለቻቸው። ያኛውም ሰውዬ አስለቅሶኝ ነበር ብለው ተነሡ። የዚያን ዕለት ሲወጡ ማንንም የማን ልጅ ነህ ብለው አልጠየቁም።

ሳምንታት አለፉ። የማርያም ዕለት መጡና ቀበሮዋን ከፈቱ። ለአካሉ የተላከ አንድ መልእክት ቆይቷቸዋል። መነጽራቸውን ረስተው ስለነበር ሰልሰቢል አነበበችላቸው።

«ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ስሜ ሙስሊማ ነው። እናቴ ዓሊማ አረፈች፤ አርባዋ ትናንት ወጣ። ከመሞቷ በፊት አካሉን ፈልጊው ብላኛለች። ጀላል የሚለው አባቷ ነበር፤ እሷና እናቷ ግን አካሉ ነበር የሚሉት። አባቶቿን ወደ አቀስታ ሲሄዱ መንገድ ላይ ያስቆጠራት እሱ ነው። ጀብሪል ለሚባል ሰው ጽፌ፣ አባት ገድለሻል ብሎ መልሶኛል። ለእናቴ ብነግራት፣ አካሉ አይሳሳትም፣ የተሳሳተው ጀብሪል ነው አለችኝ። እርስዎ ያ አካሉ ከሆኑ፣ እባክዎ ይቁጠሩልኝ።»

ሰልሰቢል አንብባ ስትጨርስ አያ ጀላል ስክሪኑን ሳይሆን ግድግዳውን ያዩ ነበር።

«ደሳለውን የገደለች ናት» አሉ። አነጋገራቸው ግን ጥያቄ ይመስል ነበር።

«አያ ጀላል፣» አለች ሰልሰቢል፤ «ደሳለውን ያገኙት መቼ ነበር?»

«ከላላ በሄድኩ ጊዜ። ሥራ ከያዝኩ በኋላ።»

«እሷ የሄደችውስ?»

ከሰባ ሰባት ጀምረው ዓመቱን በጣታቸው ቆጠሩ። ደሳለውን ካገኙት ወዲህ፣ ደሳለው ያልነበረበትን ጊዜ ረስተውት ነበር። ዓሊማን በዚያ መንገድ ላይ ካስቆጠሯት አባቶች ውስጥ ደሳለው አልነበረም፤ ሊኖርም አይችልም። አሟልቶ የቆጠረው ያ ሌባ ነው። ልጅቱ የቆጠረችው እሳቸው ያስተማሩትን ነው።

«በሕይወት ነበረች» አሉ በመጨረሻ። «እኔ ስመልሳት በሕይወት ነበረች።»

ሌሎቹ ደንበኞች እየሰሙ እንዳልሰሙ ሆኑ። አያ ጀላል ጀብሪልን ዝጊልኝ አሏት። ሰማያዊውን «ኢ» ከፈተች፤ በይለፍ ቃሉ፣ ደሳለው ብላ ገባች፤ ለማጥፋት ስትጫን ድረ ገጹ እርግጠኛ ነዎት ወይ ብሎ ጠየቀ። ተረጎመችላቸው።

«ይህን ያን ጊዜ ቢጠይቀኝ ምን ነበረበት» አሉ።

በሩ ከነፎቶው ጠፋ። ሰልሰቢል ለዓመታት ስትሸሸው የኖረችውን ነገር አወጣችው።

«መጀመሪያ የመጡ ቀን ያስቆጠሩኝ... ስድስተኛውና ሰባተኛው...»

«የሉም» አሉ አያ ጀላል ሳይዞሩ። «የአባትሽን ስድስተኛ አውቀዋለሁ። ሙሔ ነው። ሰባተኛው ሰይድ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«ሰው ነበረ፣ ልጄ። ሰው ፊት ነበርሽ።» በሩ የነበረበትን ቦታ እያዩ፣ «ያቺስ ልጅ ብቻዋን ነበረች» አሉ።

ከዚያ ወንበራቸውን ወደ ቀበሮዋ አስጠጉ። ሰልሰቢል ልጻፍልዎት ወይ አለች፤ እምቢ አሉ። ዓይናቸውን ከስክሪኑ ጋር ሊያጋጩት ጥቂት እስኪቀራቸው ድረስ ጎንበስ ብለው፣ ፊደል በፊደል እየፈለጉ ቆጠሩ። ሰዲቅ። ሀቢቡላህ። እንድሪስ። እዚያ ላይ ጣታቸው ቆመ። በበቅሎ ሄደው ያመጡት፣ ስንቱን ሰው ያባረሩበት፣ ከሞት ያነሡት አባት ከጣታቸው በታች ነበር።

ይመር ብለው ጻፉ።

ሰልሰቢል ከኋላቸው ቆማ ታይ ነበር። ቸኮል፣ ጎበዜ ብለው እስኪጨርሱ ጠበቀች። ከዚያ እጇን ትከሻቸው ላይ አድርጋ «ማሻአላህ» አለች።