ጋሼ ቬክተር

ጡረታ የወጣ መምህር የሌለበት ሕንፃ አለ የሚለኝ ሰው ካለ፣ ወይ ዋሽቷል፣ ወይ ደረጃ ላይ ሰው ሰላም ብሎ አያውቅም። የመምህር ደመወዝ ይቆም ይሆናል እንጂ ማስተማሩ አይቆምም።

የእኛው፣ ክቡርነታቸው ጋሼ ቬክተር፣ የሚኖሩት ሦስተኛ ፎቅ ነው። ሠላሳ አራት ዓመት ሒሳብ አስተምረዋል። ስሙን ያወጣችላቸው እህቴ ናት፤ እሳቸውም እንደ ማዕረግ ደስ ብሏቸው ተቀበሉት። ትርጉሙን ሳይጠየቁ ይናገራሉ፦ «ቬክተር ማለት መጠንም አቅጣጫም ያለው ነገር ነው። አንዱ ከጎደለ ቬክተር አይባልም።» ይህን ለተማሪ ቢሉት ባልከፋ። የሚሉት ለሁላችን ነው።

አንድ ቀን ጥበቃችን ሌባ እያባረረ እያለከለከ ደረሰ።

«ጋሼ፣ አንድ ልጅ ሲሮጥ አይተዋል? እንደ ጥይት ነው የሚፈተለከው!»

«ፍጥነቱንማ ነገርከኝ፤ አቅጣጫውስ?»

«እሱን እኮ ነው የምጠይቅዎ!»

«ጎሽ! ጥያቄው ገብቶሃል» አሉት። ሌባው አመለጠ።

እኔ ደግሞ ታምሜ ብተኛ ሊጠይቁኝ መጡ። «ትኩሳቴ ሠላሳ ዘጠኝ ገብቷል» አልኳቸው፣ እንዲያዝኑልኝ። «ትኩሳት አቅጣጫ የለውም፤ መጠን ብቻ ነው። እንዲህ ያለው ስኬላር ይባላል» አሉና ብርድ ልብሴን አስተካክለው ወጡ። እግዜር ይማርህ ማለት ትዝ ያላቸው ደረጃው ላይ ከደረሱ በኋላ ነው፤ ከዚያው ሆነው ጮኸው አሉኝ።

መቼም እንዲህ ያለ ሰው ያደርቃል። ከአማራሪዎቹ እኔ አንደኛ ነበርኩ። የምኖረው ምድር ቤት ስለሆነ ሲወጡም ሲገቡም በደጄ ነው፤ በሬ ሲንኳኳ ትንፋሼን ውጬ የለሁም ያልኩበት ቀን ብዙ ነው።

እህቴ ልብስ ሰፊ ናት። በአርባ ሁለት ዓመቷ ያቋረጠችውን ትምህርት ልትጨርስ ተመዘገበች፤ ሒሳብ ግን ሁለት ጊዜ ጣላት። ለሦስተኛው ፈተና ሳምንት ሲቀር እኔ ቤት መጥታ መጽሐፉን ወረወረችው። «የኔ ጭንቅላት ለመርፌ እንጂ ለዚህ አልተፈጠረም!» ስትል በደጃፋችን የሚያልፉት ጋሼ ሰሟት። እጇን ይዘው ግቢ አወጧት።

«በይ፣ ከዚህ ተነሺና ወደ በሩ ሦስት እርምጃ ሂጂ።» ሄደች። «አሁን ወደ ግራ ታጠፊና ወደ ቧንቧው አራት።» ሄደች። «ከተነሳሽበት ምን ያህል ራቅሽ?»

«ሰባት ነዋ!»

«እስቲ በቀጥታ ተመለሺ።»

ቆጠረች። አምስት። አላመነችም፤ አንገቷ ላይ ያጠለቀችውን ሜትር መዝዛ መሬቱን ለካች። ያው አምስት እርምጃ።

«እግርሽ ሰባት ረግጧል፤ ከቦታሽ የራቅሽው ግን አምስት ነው» አሉ ጋሼ። «ቬክተር ሲደመር አቅጣጫውም አብሮ ይታሰባል።»

«ውይ ጋሼ! ጨርቅ በሰያፍ ስቆርጥ የማገኘው እኮ ነው!»

«ታዲያ ሃያ ዓመት ስትሠሪው የኖርሽውን ነው እንዴ የማስተምርሽ?»

አለፈች። ያውም ከክፍሉ ሁለተኛ! ውጤቷን ይዛ እየጮኸች ስትገባ ሕንፃው ሁሉ ወጣ። ጋሼ ደረጃው ላይ ቁጭ ብለው እየሳቁ አለቀሱ።

ሰሞኑን ከሌላ ከተማ ልጃቸው መጣች። ጉልበታቸው ደረጃውን እምቢ ስላለ እሷ ዘንድ ልትወስዳቸው ነው። ጎረቤቱ ሊሰናበት ተሰብስቦ ሁሉም አቀርቅሯል። እኔ ሳላስበው ከአፌ አመለጠኝ።

«ቤት እንቀያየር። እሳቸው ምድር ቤት ይውረዱ፤ እኛ ሦስተኛ እንወጣለን።»

ልጃቸውም ተስማማች። ማታ ለባለቤቴ፣ ላይኛው ቤት አየሩም ብርሃኑም እንደሚሻል፣ ለጤናም ደረጃ መውጣት እንደሚመከር በዝርዝር አስረዳኋት። እስክጨርስ ጠበቀችኝና ሳቀች።

«ሰውየው እንዳይሄዱብህ ነው በለኛ!»

ዕቃ ማሸጊያ ካርቶን ፍለጋ ወጣሁ።