የሞንታና ሰው አድራጊዋ ወይዘሮ ቬርና

ዩኒቨርሲቲ ባለበት ከተማ ሁሉ፣ ሕጉን ካወጡት ሰዎች በላይ ሕጉን አውቃለሁ የሚል አንድ ሰው አይጠፋም። ከሌላ ግዛት የመጣ ተማሪ ሻንጣውን ከመኪና ሳያወርድ ያዝ ያደርገውና የነዋሪነት ትምህርት ይጀምርለታል። በእኛ በሞንታናዋ ከተማ በሚዙላ ይህን ሥልጣን ማንም ሳይሾማቸው የያዙት ክብርት ወይዘሮ ቬርና ቶለፍሰን ናቸው። ቤታቸው ከእኔ ቤት ፊት ለፊት ነው፤ ፎቁን ለተማሪዎች ያከራያሉ።

ነገሩ ቀልድ አይደለም። የሞንታና ልጅ የሚከፍለውና ከውጭ የመጣው የሚከፍለው የትምህርት ክፍያ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። ዓመት ሙሉ እዚሁ ኖሮ፣ ራሱን ችሎ፣ ልቡም ለመቅረት መቁረጡን ያስረዳ ተማሪ ግን እንደ አገሬው ይከፍላል። ወይዘሮ ቬርና የሚገቡት እዚህ ላይ ነው።

"ሰው የሚኖረው ልቡ ባለበት አይደለም" ይላሉ ጣታቸውን ቀስረው፤ "መኪናው በተመዘገበበት ነው!"

አንድ ቁመቱ ጣራ የሚነካ የቴክሳስ ልጅ እሳቸው ጋ ተከራይቶ ነበር። ታርጋውን ነገ እቀይራለሁ፣ ከነገ ወዲያ እቀይራለሁ ሲል ሰነበተ። አንድ ቀን ከክፍል ሲመለስ መኪናው ያለ ታርጋ ቆማለች፤ ወይዘሮ ቬርና መፍቻ ይዘው በረንዳ ላይ ተቀምጠዋል። "የቴክሳስ ታርጋ ግቢዬ ውስጥ አያድርም" አሉት። ልጁ በማግስቱ አስመዘገበ። አንድ የኢሊኖይ አባትን ደግሞ በስልክ፣ "ልጅህን እስከ መቼ ጥገኛዬ ናት እያልክ ግብርህ ላይ ትጽፋታለህ? ልቀቃት እንጂ!" ብለው ገሥጸውታል። ሰውየው ይቅርታ ጠይቆ ነው ስልኩን የዘጋው። ቤተ ክርስቲያን ውስጥም ቄሱ እውነተኛ አገራችን በሰማይ ነው ብለው ሲሰብኩ፣ አጠገቤ ሆነው "እዚያም ዓመት ሳይሞላህ አይቀበሉህም" ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

እንግዲህ ሬይና ሳልሴዶ የመጣችው እኚህ ሴት ቤት ነው። የፍሬዝኖ ልጅ ናት፤ ካሊፎርኒያ። የዱር አራዊት ጥናት ትማራለች፤ በትርፍ ጊዜዋ እንስሳት ሐኪም ቤት ትሠራለች። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ በማለዳ በረዶ ስትጠርግ የወይዘሮ ቬርናን ደጅ ጨርሳ ሳትጠየቅ ወደ እኔ ደጅ የምትሻገር ልጅ። ወይዘሮ ቬርና ያዘዟትን ሁሉ ፈጸመች፤ መንጃ ፈቃዷን ቀየረች፣ መኪናዋን አስመዘገበች፣ እዚሁ በምርጫ ድምፅ ሰጠች፣ እዚሁ ግብር ከፈለች።

ዓመቱ ሲሞላ ግን ዩኒቨርሲቲው አይሆንም አለ። ወረቀቱ ሁሉ ደህና ነው፤ ነገር ግን አንቺ የመጣሽው ለትምህርት ብቻ ነው፣ ስትጨርሺ ትሄጃለሽ አሏት። እናቷ ብቻዋን ናት፤ የውጭውን ክፍያ አንድ መንፈቅ እንኳ ደግማ መክፈል አትችልም። ያቀረበችው ይግባኝ ካልተሳካ ሬይና ትምህርቷን ጥላ ልትመለስ ነው።

ወይዘሮ ቬርና ጦርነት አወጁ። ሳምንቱን ሙሉ ወጥ ቤት ውስጥ ሲያስጠኗት ድምፃቸው እኔ ድረስ ይሰማል። እኔም፣ ላይል የሚባለው ጎረቤት፣ ምስክር ተብዬ ተጠራሁ።

"ስለ ፍየሎቹ ልንገራቸው?" አለች ሬይና አንድ ቀን።

"የምን ፍየል?"

"ባለፈው ነሐሴ፣ በሰደድ እሳቱ ጊዜ፣ ሐኪም ቤቱ ያስጠለላቸው…"

"ፍየል ማስረጃ አይደለም!" አሉ ወይዘሮ ቬርና ጠረጴዛውን መትተው። "ፍየል አትጥሪብኝ። 'ጽኑ ፍላጎት' በይ። ድገሚ!"

የይግባኙ ቀን ሦስታችንም የክት ልብሳችንን ለብሰን ሄድን። ይግባኝ ሰሚዎቹ ሦስት ሰዎች ተቀምጠዋል፤ ሰብሳቢዋ መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ ያደረገች ሴት ናት። ተራዬ ሲደርስ በረዶ ጠረጋዋን ተናግሬ ተቀመጥኩ። ሬይና ተነሣች።

"የሞንታናን ግዛት ቋሚና ዘለቄታዊ መኖሪያዬ ለማድረግ ጽኑ ፍላጎት አለኝ" አለች፣ ቃለ መሐላ እንደሚፈጽም ወታደር።

ሰብሳቢዋ ብዕሯን አስቀመጠች። "ይህን ማን አስጠናሽ?"

ከአጠገቤ ወንበር ሲጢጥ አለ።

"እኔ ነኝ!" አሉ ወይዘሮ ቬርና። "ምን ያሳፍራል? በሕጉ…"

"እመቤቴ፣ ይቀመጡ።"

ተቀመጡ። ጎረቤት በሆንባቸው ዓመታት ሁሉ የሰው ትእዛዝ ሲቀበሉ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ያበላሹት እሳቸው መሆናቸው የገባቸው መሰለኝ።

"ያጠናሽውን ተይው" አለች ሰብሳቢዋ ለሬይና። "ባለፈው ክረምት፣ ትምህርት ሲዘጋ፣ ጓደኞችሽ ሁሉ አገራቸው ሲገቡ፣ አንቺ እዚህ ምን ትሠሪ ነበር?"

ሬይና ዞራ ወይዘሮ ቬርናን አየቻቸው። እሳቸውም አይተዋት አይተዋት፣ "ንገሪያቸው በቃ" አሉ ቀስ ብለው።

"ፍየሎች እጠብቅ ነበር" አለች ሬይና። "ሸለቆው ሲቃጠል ሰዎቹ ከብቶቻቸውን እኛ ሐኪም ቤት አመጡ። እናቴ ደውላ ጢሱ ይገድልሻል፣ ወደ ቤትሽ ነይ አለችኝ። ፍየሎቹን ለማን ጥዬ? አልኳት። ባለቤታቸው ቤቷ የተቃጠለባት ሴት ናት። በየጠዋቱ ትመጣና ከፍየሎቿ መሀል ተቀምጣ ታለቅሳለች፤ እኔ አልባለሁ። ታዲያ እናቴ ደግማ ወደ ቤትሽ ነይ ስትለኝ፣ 'ቤቴ ነኝ እኮ፣ እማ' አልኳት። ምን እንዳልኩ የሰማሁት ካልኩት በኋላ ነው።"

ከዚያም ጨመረችበት። "ለዘላለም እቀራለሁ ብዬ ልምል አልችልም። ዛሬ ግን ሌላ ቤት የለኝም።"

ሰብሳቢዋ መነጽሯን አወለቀች። "ፍየሎቹስ?"

"ተመለሱ። አንዷ ብቻ አልሄድም ብላ እኛው ጋ ቀረች።"

"እሷም ነዋሪ ሆናለች" አሉ ወይዘሮ ቬርና ለራሳቸው። ሦስቱም ሰዎች ሳቁ።

ሳምንት ሳይሞላ ተፈቀደላት። ወይዘሮ ቬርና ሃክልቤሪ በሚሉት የዱር ፍሬ ፓይ ጋግረው መንደሩን ጠሩ። "የፍየሎቹን ነገር ያነሣነው ሆን ብለን ነው" እያሉ ለሁሉም አስረዱ። ሬይና አፏን በፓይ ሞልታ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች።

ከዚያ ተመረቀች። ሥራ ያገኘችው ግን ጎረቤት ግዛት አይዳሆ፣ ጫካ ጥበቃ ውስጥ ነው። እኔ እንግዲህ ወይዘሮ ቬርና ሕግ የሚወዱ ሴት ይመስሉኝ ነበር፤ ሌላው እንቆቅልሽ፣ ሌላው ዳማ እንደሚወደው። ያስጠኗቸው ልጆች ሁሉ እንቀራለን ብለው፣ ሁሉም ተራ በተራ እንደሄዱ አስቤው አላውቅም። ያሰብኩት የሬይና መኪና ዕቃ ተጭኖባት በራቸው ላይ ቆማ ባየሁ ጊዜ ነው።

ወይዘሮ ቬርና በመስኮቱ ጎንበስ ብለው፣ "እንደደረስሽ እዚያ ተመዝገቢ። ዛሬ፣ ነገ አትበይ" አሏት። "የትም ብትሄጂ እንደ እንግዳ አትኑሪ።"

ሬይና አንገታቸውን አቅፋ ሳመቻቸው። መኪናዋ መታጠፊያውን ካለፈች በኋላም እሳቸው እጃቸውን እንዳነሱ ቀሩ። መንገዱን ተሻግሬ አጠገባቸው ቆምኩ። ማጽናናት አላውቅበትም።

"ወይዘሮ ቬርና" አልኩ፣ "ለመሆኑ ሰው የሞንታና ነዋሪ የሚሆነው እንዴት ነው?"

"ላይል፣ አንተ እዚሁ ተወልደህ?"

"ማን ያውቃል? የጎደለኝ ነገር ቢኖርስ?"

ትክ ብለው አዩኝ። ዓይናቸውን በእጅጌያቸው ጠረግ አደረጉ።

"ተቀመጥ" አሉ ደረጃውን እያሳዩኝ። "እርሳስ ይዘሃል?"

ጎን ለጎን ተቀመጥንና ከሀ ጀመሩልኝ። ምሳ ሰዓት ሲደርስ ገና ግብር ላይ ነበርን።