ለቅጥር የታጠነች

ደገኛ ለራሱ ስንት ቀለም እንዳለው ታውቃላችሁ? ቀይ ይላል፣ የቀይ ዳማ ይላል፣ ጠይም ይላል፣ ጠይም ዓሣ መሳይ ይላል፤ ዓሣን እዚህ ምን አመጣው ብትሉት መልስ የለውም። ወደ እኛ ወደ አሶሳ ሲወርድ ግን ቀለሙ ሁሉ ያልቅበትና "ጥቁር" ብሎ አንድ ላይ ይጠቀልለናል። መጠቅለሉን አንወደውም። እሱ ዞር ሲል ግን ጥቅሉን ራሳችን እንፈታና እርስ በርስ እንመዛዘናለን።

እኛ ቤርታዎች ቤት ግቡና እዩ። ቀላ ያለችው ልጅ እንግዳ ፊት ትቀመጣለች፤ የጠቆረችው ውሃ ትቀዳለች። ቀላ ያለ ሰው ሁሉ ደግሞ አያቱ ዓረብ ነው፤ ከሱዳን በግመል የመጣ ነጋዴ። ያ ዓረብ ይህን ሁሉ ልጅ ሲወልድ በየት በኩል ጊዜ አግኝቶ እንደነገደ አላህ ይወቅ። የኔ አያት? የኔ አያት ማሽላ ዘሪ ነበር። ፊቴን ብታዩ ምስክር አትጠሩም።

ወደ ነገሬ ልምጣ። ክልል ሆናችኋል የተባልን ሰሞን ነው። የአንዱ መሥሪያ ቤት ሰሌዳ ቀለሙ ሳይደርቅ ሌላው ይከፈታል፤ ትናንት ፍየል የታሰረበት ግቢ ዛሬ ቢሮ ነው። በየስብሰባው፣ እስከ ዛሬ የተረገጠው ጥቁር ሕዝብ ቀና የሚልበት ቀን መጣ ይባላል። እኔ የመሠረተ ትምህርት ምሩቋ፣ ከፊት ተቀምጬ ሳጨበጭብ መዳፌ ሊላጥ ምንም አልቀረው።

የእህቴ ልጅ ሃሊማ እኔ ጋ ነው ያደገችው። አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ ታይፕ ተምራለች፤ ጣቷ ከዓይኗ ይቀድማል። መልኳ? የድስት ቂጥ። አትቆጡኝ፣ እኔና እሷ አንድ ድስት ነን። ታዲያ አንድ ቢሮ እንግዳ ተቀባይና ታይፒስት እፈልጋለሁ ብሎ ለጠፈና ሰኞ ልትመዘገብ ሄደች፤ እኔም አጀብኳት። በሩ ላይ መዝጋቢ ተቀምጧል። የኛው ልጅ ነው፣ ከሃሊማም ሁለት እጅ የጠቆረ። ቀና ብሎ አያት። ስምሽ ማነው አላለ፣ ስንተኛ ክፍል ነሽ አላለ፤ በእስክሪብቶው ብቻ "በዚያ በኩል" አላት። በዚያ በኩል ያለው የጽዳት ሠራተኞች ሰልፍ ነው! ከኋላዋ የነበረችው ነፊሳ ግን፣ የዓረቡ የልጅ ልጅ፣ ስምንተኛን ሁለቴ የወደቀችው፣ "ግቢ እህቴ፣ ፀሐይ እንዳይመታሽ" ተባለች። የሃሊማን ድርሻ ፀሐይ መትቶ ጨርሷል ብሎ ይሆናላ!

ጮኽኩ። እኔ ስጮኽ ጎረቤት ከተማ ባምባሲ ድረስ ይሰማል። ልጁም ደንግጦ መዘገባት፤ ፈተናው ሐሙስ ነው አለን።

ታዲያ እኔ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? መንገዱን ሙሉ ልጁን ስረግም መጥቼ፣ ቤት ስደርስ ዶማ አንሥቼ ጉድጓድ ቆፈርኩ። የዱኻን ጉድጓድ። ፍም ይገባበታል፣ በላዩ የግራር ፍልጥ፣ ከዚያ ሴቲቱ ብርድ ልብስ ተከናንባ አፉ ላይ ትቀመጥና ትታጠናለች። ገላ ያለሰልሳል፣ ቆዳ ያቀላል ይባላል። ጎረቤቴ ወሎዬዋ እትዬ ዘርፌ ወይባ ትለዋለች። ሙሽራ ብዙ ቀን ነው የምትታጠነው፤ ሃሊማ ያላት ሦስት ቀን ስለሆነ ፍልጡን እጥፍ አደረግኩት።

"ኻልቲ" አለችኝ፤ የእናት እህቷን እንደዚያ ነው የምንጠራው። "ይሄ እኮ ለባል ነው፤ ለቢሮ ማን ይታጠናል?"

ሥራም ባል ነው አልኳት፤ ያውም በየወሩ ደመወዝ እንጂ ሁለተኛ ሚስት የማያመጣ ባል። ዝም ብለሽ ታጠኚ።

"አንቺስ ስንቴ ታጥነሽ ምን አቀላሽ?" አለች ከብርድ ልብሱ ውስጥ። ይህችን አልሰማሁም። ጢሱ ጆሮዬ ገብቶ ነበር።

አንድ ነገር ግን ዘንግቻለሁ። ዱኻን አፍ አለው። ያላገባች ልጅ ከታጠነች ሠርግ ደረሰ ማለት ነው፤ ሽታው አጥር ዘልሎ ሰፈሩን ይጠራል። በሁለተኛው ቀን እትዬ ዘርፌ ስኳር ይዛ "ምነው ደበቃችሁን!" እያለች እልልታዋን አቀለጠችው። በሦስተኛው ቀን ሂና ይዘው መጡ። ሙሽራው ማነው ሲሉኝ የመንግሥት ሰው ነው አልኩ። ምን ውሸት አለው?

ሐሙስ ፈታኞቹ ሦስት ነበሩ፤ ሰብሳቢው የኛ ሽማግሌ፣ ተመድቦ የመጣ አንድ ጎጃሜ፣ ያ መዝጋቢም አለበት። ሃሊማ ገና ስትገባ ጎጃሜው "ምን ተቃጠለ?" ብሎ መስኮት ከፈተ፤ እኔም ከውጭ ቆሜ ሁሉን አየሁ። ሽማግሌው ግን ፊቱ በራ፤ "መብሩክ! ሠርጉ መቼ ነው?" አላት። ሠርግ የለም አለች። "ልጄ፣ ይህ አፍንጫ ስንት ሠርግ በልቷል" አላትና ወደ ሌሎቹ ዞረ፤ "ዛሬ ብንቀጥራት ነገ የጫጉላ ፈቃድ፣ ከነገ ወዲያ የወሊድ" ብሎ ወረቀቷን ወደ ጎን ገፋ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች፤ ተረቱ ስለኔ መሆኑን ያን ቀን ነው ያወቅኩት።

ሃሊማ ግን አልወጣችም። "አላገባም" አለች። "ጢሱ ለእናንተ ነው። ሰኞ እዚህ በር ላይ ስሜን ሳትጠይቁ መጥረጊያ ሰልፍ አሳያችሁኝ። ቀላ ብዬ ብመጣ ስሜን ትጠይቁኝ እንደሆን ብላ አክስቴ አጠነችኝ። ስሜ ሃሊማ ነው።"

መዝጋቢው ባዶ ወረቀት ማንበብ ጀመረ። ጎጃሜው ብቻ የሷንና የነፊሳን ፎቶ ጎን ለጎን ይዞ ያገላብጣል፤ "ለመሆኑ ይሄ የማን ነው? እህትማማቾች ናችሁ?" አለ። አያችሁልኝ? እኛ የምንጋደልበት ቅላት ለሰውዬው ጭራሽ አልታየውም!

ሽማግሌው ወረቀቷን ወደ ፊቱ መለሰና ታይፑን ፈትኗት አለ። አንድ ፊደል አልሳተችም።

ውጤቱ ሲለጠፍ ሃሊማ ታይፒስት ሆናለች፤ በጓሮ በኩል ያለው ክፍል። የፊቱ ወንበር የነፊሳ ሆነ። እንግዳ ነፊሳን አይቶ ደስ ይለዋል፤ ደብዳቤ ሲሰጣት እሷ ወደ ጓሮ ሮጣ ሃሊማን "ምን ይላል?" ትላታለች። ሃሊማ ማታ ስትገባ አንድ ቃል ብቻ አለችኝ፤ "ኻልቲ፣ ያን ጉድጓድ ድፈኚው።"

እሺ አልኩ። ነገ ዛሬ ስል ሳምንት ሆነ። አንድ ቀን ቀትር ላይ አጥሬ ሥር የሰው ሳል ሰማሁ። መዝጋቢው! ግራ ቀኙን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። "እናቴ፣ የክፍል ኃላፊ ቦታ ወጥቷል። የሚወዳደሩኝ ሁለቱም ቀያዮች ናቸው። ያ ጢስ… ለወንዶችም ይሆናል?"

ልጮኽበት አፌን ከፈትኩ። ፊቱን አየሁት፤ የወንድሜን ፊት ይመስላል። አፌን ዘጋሁ። ስሙን አልጠየቅኩትም፤ ስንተኛ ክፍል ነህም አላልኩት። በአገጬ ብቻ "በዚያ በኩል" አልኩና መጥረጊያ አቀበልኩት፤ ጉድጓዱ አመድ ሞልቶታል።

ጠረገ። ጥንቅቅ አድርጎ ጠረገ፣ አመዱን ዛቀ፣ ላቡን በክንዱ አበሰና ቀና ብሎ፣

"ብርድ ልብሱስ?" አለኝ።