ልጆቼን በእግሬ ያደረስኩ ዕለት

«በእግር መሄድ ጤና ነው» የሚል ሰው ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ መኪና አለው፣ ወይ ሰኔን ላስታ ላይ አሳልፎ አያውቅም። መኪናም ኖሮት ሰኔንም ሌላ አገር የሚያሳልፍ ከሆነማ… ስብሰባ ይመራል!

እኔ መኪና አለኝ። መኪና ስላችሁ እንዳትቀኑብኝ ደግሞ። በሯ በገመድ የምትታሰር፣ ቁልቁለት ላይ ካላቆሟት አልነሳም የምትል አሮጌ ላንድክሩዘር ናት። ገናና ጥምቀት ሲደርስ ፈረንጅ ከአውሮፕላን ማረፊያ ወደ ላሊበላ ታመላልሳለች። ዝናቡ ሲገባ ፈረንጁ ወደ አገሩ ይሄዳል፤ እሷም ወደ ልጆቼ ትመለሳለች። ፋሲካ ስምንተኛ ክፍል ናት፤ ታናሽ ወንድሟ ቸርነት ገና አንደኛ ክፍል ነው። የመኪናዋን ጉድ ሁሉ የምችለው ጣሪያ ስላላት ነው። በሰኔ ከመኪና የሚፈለገው ጣሪያ ነው፤ ሌላው ጌጥ ነው።

እንዲህ በሰላም እየኖርን ሳለ ዘመቻ መጣ። ያ ዘመን ትዝ ይላችሁ የለ? አንዱን ዘመቻ ሳንጨርስ ሌላው ይታወጅብን ነበር። የእርከን ዘመቻ፣ የሽንት ቤት ዘመቻ፣ የዘመቻዎቹ የግምገማ ዘመቻ… የዚያ ሰሞኑ ደግሞ «ልጆችን በእግር ወደ ትምህርት ቤት» የሚባል ነበር። አስተባባሪው በነጭ ፒክአፕ መጥቶ ወላጆችን ሰበሰበና በእግር ስለመሄድ ለግማሽ ቀን ቁጭ አድርጎ አስተማረን።

«በሠለጠነው ዓለም ወላጅ የልጁን እጅ ይዞ በእግሩ ነው የሚያደርሰው!» አለ።

ከብልባላ በኩል የመጡ አያ መንግሥቴ የሚባሉ ገበሬ እጃቸውን አወጡ። «ጌታው፣ የኔ ልጆች ዶሮ ሳይጮህ ተነስተው ነው እዚህ የሚደርሱት። እስከ ዛሬ በምን ይመጡ መስሎዎት ነው?»

አስተባባሪው ደስታውን መቆጣጠር አቃተው። «በጣም ጥሩ! ይህ ምርጥ ተሞክሮ ተቀምሮ ይስፋፋ!»

አያ መንግሥቴ ልጆቻቸው የሠለጠነው ዓለም ውስጥ እንደሚኖሩ ያን ዕለት ሰምተው ተቀመጡ።

ቀጥሎ ምን እንደመጣ ገምታችኋል። «ይህ በእንዲህ እንዳለ፣ ልጆቻቸውን በመኪና የሚያንፈላስሱ ጥቂት ወላጆች አሉ» ተባለ። ጥቂቶቹ እኔ ነኝ። አዳራሹ በሙሉ ዞሮ አየኝ። ዝም ብዬ አንገቴን ብደፋ ያልፍ ነበር። ግን ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሉ የለ… ብድግ አልኩና ግለሂስ አወረድኩ። «ከዛሬ ጀምሮ ዝናብ ቢዘንብ፣ በረዶ ቢወርድ ልጆቼን በእግሬ አደርሳለሁ!» ጭብጨባው አዳራሹን አናወጠው። እንዲያ ተጨብጭቦልኝ አያውቅም፤ በሠርጌ ቀን እንኳ።

ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ለይርገዱ ነገርኳት። ይርገዱ ከቤተ ክርስቲያኑ መውረጃ ላይ የንዋየ ቅድሳት ሱቅ አላት። መስቀል፣ መጎናጸፊያ፣ ጸናጽል፣ ባለ ወርቅ ዘርፍ የታቦት ጃንጥላ ትሸጣለች። ጃንጥላውን ራሷ ናት የምትሰፋው።

«አንተ ሰውዬ፣ ጭብጨባ ካለ ገደል ትገባለህ አይደል?» አለችኝ። «ፋሲካ ሰኞ ሚኒስትሪ እንደምትፈተን ረሳኸው?»

«የወንድ ልጅ ቃል አንድ ነው!» አልኩ።

«እሱን ሰኞ ለዝናቡ ንገረው።»

ሰኞ ነጋ ብል ውሸት ይሆንብኛል። ጭጋጉ ከአቡነ ዮሴፍ ወርዶ ከተማው ላይ ተኝቶበታል፤ ዝናቡ በበረዶ ተቀላቅሎ ይወርዳል። ፈተናው የሚጀምረው ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ሁለት ሰዓት ሲሆን በሩ ይዘጋል፤ የዘገየ ለከርሞ። የበሩ ዘበኛ አያ ደምሴ ደግሞ ደወል ከተደወለ በኋላ ለገዛ ልጃቸው አልከፍትም ያሉ ሰው ናቸው። ልጄ ዓመቱን ሙሉ ያጠናችው ለዚች ጠዋት ነው። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። አውቄም በእግሬ ወጣሁ! መኪናዋ ከደጅ ቆማ እየታዘበችኝ።

ገና ከሰፈር ሳንወጣ ነፋሱ ጃንጥላችንን ገልብጦ ሽቦውን ብቻ አስታቀፈኝ። ትንሽ እንደሄድን የቸርነት አንድ እግር ጫማ ጭቃ ውስጥ ቀረ። ብንቆፍር ብንቆፍር የለም። ልጁ አለቀሰ። ፋሲካ የመፈተኛ ካርዷን ደረቷ ውስጥ ሸጉጣ «አባዬ፣ ረፈደ» ትላለች። ይሄኔ የይርገዱ ሱቅ ፊቴ ድቅን አለ። ቁልፉ ኪሴ ውስጥ አለ።

ከዚህ በኋላ የሆነውን በትዕግሥት አንብቡልኝ፤ እያንዳንዱ ነገር ለብቻው ሲታይ ጤነኛ ነው። ጃንጥላ ያስፈልገናል፤ ሱቁ ውስጥ ያለው ጃንጥላ ደግሞ ቀይ ከፋይ፣ ዙሪያውን የወርቅ ዘርፍ የተንዠረገገበት የታቦት ጃንጥላ ነው። ወሰድኩት። ባዶ እግሩን የሆነ ልጅ ጭቃ ላይ አይሄድም፤ ትከሻዬ ላይ አወጣሁት። ትከሻ ላይ ያለ ልጅ ይበርደዋል፤ ያገኘሁትን ጨርቅ፣ ማለትም ባለ ጥልፉን መጎናጸፊያ፣ ፊቴን ብቻ አስቀርቼ ከራስ ፀጉሩ እስከ ደረቴ አለበስኩት። ልጅ ደግሞ ካልተጫወተ ያለቅሳል፤ መደርደሪያ ላይ ያለውን ጸናጽል አንስቶ ሲይዝ ዝም አልኩት። ሁለት እጄ የልጁን እግር ስለያዘ ጃንጥላውን ፋሲካ ከኋላዬ ሆና ዘረጋችልን።

«አባዬ፣ ሰው ምን ይለናል?» አለች ፋሲካ።

«በዚህ ጭጋግ ማን ያየናል ልጄ!» አልኳት።

እስቲ እናንተ ፍረዱ። በጭጋግ መሐል አንድ ጢማም ሰው፣ አናቱ ላይ በመጎናጸፊያ የተሸፈነ ነገር ተሸክሞ፣ ከኋላው ባለ ዘርፍ ጃንጥላ ተዘርግቶለት፣ ጸናጽል ቅጭል ቅጭል እያለ ሲመጣ… ላሊበላ ውስጥ ያደገ ሰው ምን መሰለው ይባላል?

መጀመሪያ ያዩን ከኪዳን የሚመለሱ አንዲት መነኩሲት ናቸው። ጭቃው ላይ በግንባራቸው ተደፉ።

«እማሆይ፣ ኧረ ይነሱ፣ እኔ ነኝ!» አልኩ ደንግጬ።

ቀና ሳይሉ «አዎ የኔ ጌታ፣ አንተ ነህ! ማረን!» አሉና እልልታውን አቀለጡት።

እልልታ ደግሞ ላሊበላ ላይ ብቻውን አይቀርም። ከየቤቱ ሴቱ ነጠላውን እያጣፋ፣ ወንዱ ጫማውን እያወለቀ ወጣ። «የማን ታቦት ነው?» «ዛሬ ምን ቀን ነውና?» «ለምህላ ነው አንች! በረዶው አዝመራውን ሊጨርሰው አይደል?» በቃ፣ ምክንያቱም ተገኘ። ፊቴን አይቶ የሚያውቀኝ እንዳይኖር ደግሞ ታቦት ሲያልፍ ቀና ብሎ የሚያይ የለም፤ ሁሉም አንገቱን ደፍቷል። ቆሜ «ወገኖቼ፣ ይሄ ቸርነት ነው» እንዳልል፣ ጭቃ ላይ ለተንበረከከ ሕዝብ እንዲህ ያለ ዜና አይነገርም። በጤና ቤቱ መግባት የሚፈልግ ሰው አይናገረውም።

ከድጡ ወደ ማጡ የሚባለው ይሄኔ መጣ። ሕዝቡ ከፊቴ ሆኖ በወግ በወጉ መዘመር ጀመረ። ሁለት እርምጃ ሄዶ ይቆማል፤ ያሸበሽባል፤ ይሰግዳል። ታቦት አይቸኩልማ!

«አባዬ…» አለች ፋሲካ ከኋላዬ። ድምፅዋ ተቆራረጠ። «በሩ ሊዘጋ ነው። በቃ ቀረሁ…»

የልጄን ለቅሶ ስሰማ ያ ሁሉ ጭብጨባ እንደ እሬት መረረኝ። ሕዝቡም፣ ዱላውም፣ ውግዘቱም የራሱ ጉዳይ ብዬ ሮጥኩ!

እናንተዬ፣ ከፊቴ ያለው ሕዝብ እንደ ባሕር ተከፈለ። «ታቦቱ ሮጠ!» አለ አንዱ። አንድ ሽማግሌ ከዘራቸውን እንደተደገፉ «ታቦት አልሄድም ብሎ ሲቆም አይቻለሁ» አሉ፤ «ሲሮጥ ግን… በስመ አብ!» «መዓት ሊመጣ ነው!» «ምሕረት ነው እንጂ! ተከተሉ!» ሁሉም በባዶ እግሩ እየሮጠ ተከተለን። ቸርነት በሕይወቱ እንዲህ ተደስቶ አያውቅም፤ ጸናጽሉን ይንጠዋል። ቀዩ ከፋይ ቀለሙን ለቅቆ በግንባሬ ይወርዳል።

ዋናው መንገድ ላይ ስንደርስ ነጩ ፒክአፕ ከፊት ለፊት መጣ። ማን በመኪና ማን በእግር እንደሚመጣ ሊከታተል የወጣው አስተባባሪያችን ነው፤ በመኪና። እኛን ሲያይ ሹፌሩን አስቆመ፤ ወረደ፤ ጫማውን አወለቀና ከነሙሉ ልብሱ ጭቃው ላይ ተንበረከከ። ዘመቻው ከታወጀ ጀምሮ እግሩ መሬት ሲነካ ያየነው ያኔ ነው።

ትምህርት ቤቱ በር ስንደርስ ደወሉ ተደውሏል። አያ ደምሴ አንዱን መዝጊያ ዘግተው ሁለተኛውን እየገፉ ነው። ቀና ብለው እኔን፣ ከኋላዬም የከተማውን ሕዝብ አዩ። ቁልፉ ከእጃቸው ወደቀ። ሁለቱንም መዝጊያ ወለል አድርገው ከፈቱና ተደፉ። ፋሲካ ጃንጥላውን እጄ ላይ ወርውራ በጎናቸው ሾልካ ገባች። የፈተናው ክፍል በር ውስጥ ጀርባዋ ሲጠፋ ሳይ እምባዬ መጣ።

ይሄኔ ቸርነት መጎናጸፊያውን ገለጥ አድርጎ አንገቱን አወጣ።

«አባዬ፣ ደረስን?»

የተደፋው ሁሉ ቀና አለ። ከዚያ ጉርምርምታው ተነሳ። አንዱ ዱላውን ከትከሻው ሲያወርድ አየሁት። ሕዝቡን ሰንጥቀው የመጡት የንስሐ አባቴ አባ ኪሮስ ናቸው፤ ባዶ እግራቸውን፣ እያለከለኩ፣ ቀሚሳቸውን ሰብስበው።

«አንተ ነህ?» አሉኝ።

«እኔ ነኝ አባቴ።»

«ታቦት ነው ብለሃል?»

«አላልኩም አባቴ። እኔ ዝናብ ነው ያልኩት… ልጄ ፈተና ነበረባት።»

አባ ኪሮስ ቀይ የሚወርድበትን ፊቴን አዩ፤ ባዶ እግሩን የተንጠለጠለውን ቸርነትን አዩ፤ ከንፈራቸውን ነክሰው ወደ ሕዝቡ ዞሩ። «የሰገዳችሁት ለፈጣሪ ነው፤ ስግደት መንገድ አይስትም። መቼም በባዶ እግራችሁ ከመጣችሁ አይቀር፣ ውስጥ ላሉት ልጆች ጸልዩና ግቡ።» አያ መንግሥቴ ቀድመው ኮፍያቸውን አወለቁ፤ ልጃቸው በሌሊት ከብልባላ ተነስቶ ከሁላችንም በፊት ገብቶ ተቀምጧል። ዝናቡ እየወረደብን «እግዚኦ» አልን። እኔ ከልቤ ነበር።

የእኔ ቀኖና ለብቻው ተሰጠኝ። «ይህ ጃንጥላ ከተሰገደለት በኋላ ለፈረንጅ አይሸጥም፤ ለቤተ ክርስቲያን ይገባል» አሉ አባ ኪሮስ። «አንተ ደግሞ ሁለተኛ ልጆችህን በእግር ስታደርስ እንዳላይህ! መኪና ሰጥቶህ የለ?»

ይርገዱ ስትሰማ መጀመሪያ የሱቁን ቁልፍ ከኪሴ አወጣች። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

ፋሲካ አለፈች። እሷ «አጥንቼ ነው» ትላለች፤ ሰፈሩ ግን ይህን አባባሏን እንደ ድፍረት ነው የሚያየው።

ውጤቱ ከመጣ በኋላ የዘመቻው ማጠቃለያ ስብሰባ ተጠራ። አስተባባሪው ሪፖርቱን አነበበ። «በዘመቻው መላው ሕዝብ በነቂስ ወጥቶ፣ አመራሩም በባዶ እግሩ ጭምር ተሳትፎ፣ ልጆችን በእልልታ እስከ ትምህርት ቤቱ በር በእግር ሸኝቷል። ግቡ ከታቀደው በላይ ተመቷል!» ከዚያ ስሜን ጠራ። ግንባር ቀደም ወላጅ ሆኛለሁ! ልጆቼን ከዚያች ሰኞ ወዲህ በመኪና እንደማደርስ የጠየቀኝ የለም። አዳራሹ አጨበጨበልኝ፤ ሽልማቴም በስጦታ ወረቀት ተጠቅልሎ ተሰጠኝ።

ፈታሁት። ጃንጥላ!

ስንወጣ ዝናቡ ያወርደዋል። አስተባባሪው ፒክአፑ ውስጥ ገብቶ እጁን አውለበለበልን። እኔ ጃንጥላውን ልዘረጋ ስል ይርገዱ ክንዴን ያዘችኝ።

«እንኳን ደስ ያለህ» አለች። «ብትዘረጋት ቤት አትገባም!»

ሽልማቴን ብብቴ ሥር ሸጉጬ፣ በሰኔ ዝናብ እየበሰበስኩ፣ በእግሬ ቤቴ ገባሁ። ጤና ነው ይላሉ።