በጅቡቲ የያዝኩት ተራ

ሰልፍ እወዳለሁ። አትሳቁብኝ፣ እውነቴን ነው። ለዓይን አፋር ሰው ከሰልፍ የተሻለ ቦታ የት ይገኛል? የፊተኛውን ሰው ጀርባ እያዩ መቆም ነው። ተራሽ ሲደርስ የቀበሌ ሱቅ ሠራተኛው ካርድሽን ያያል፣ ስኳርሽን ይመዝናል፣ በቃ። እናቴማ "ይቺን ልጅ ከሰልፍ በቀር የሚያገባት የለም" ትላለች።

እኛ ድሬዳዋዎች ደግሞ አንድ ሕግ አለን። ሰልፍ ያየ ሰው መጀመሪያ ይሰለፋል፤ ምን እንደሚታደል በኋላ ይጠይቃል። ቆሞ የሚጠይቀውን ዐሥር ሰው ይቀድመዋል። እኔ ዘይት ነው ብዬ ተሰልፌ ሳሙና ይዤ የገባሁበት ቀን አለ። ሳሙናስ ይጠላል እንዴ?

ታዲያ ባለፈው ክረምት፣ ስድስተኛ ክፍልን በስንት መከራ እንደጨረስኩ፣ ጅቡቲ ሄድኩ። እኔ! የጓደኛዬ የፈቲያ አክስት እዚያ ትኖራለች። ፈቲያ እኔንና ሂሩትን አስከትላ ልትጠይቃት ተነሳች። አባዬ የባቡር ጥገና ሠራተኛ ስለሆነ በቲኬት አልተቸገርኩም። የተቸገርኩት በመውጫ ፈቃዱ ነው። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ወረቀቱን የሰጠኝ አባዬን ዋስ አስፈርሞ ነው። "ካልተመለሰች የምጠይቀው አንተን ነው" አለው። በእኛ ቀበሌ "መጠየቅ" ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም። አባዬ ፈረመ። ጣቢያ ሲሸኘኝም "እሑድ እዚህ ጋ ቆሜ እጠብቅሻለሁ" ብቻ ነው ያለኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ሦስታችን ከተማውን ልናይ ወጣን። ወይ ጉድ! የድሬዳዋ ፀሐይ ለካ የጅቡቲዋ ታናሽ እህት ናት።

መጀመሪያ የገባነው መጽሐፍ ቤት ነው። እኛ ከተማ መጽሐፍ ቤት ስትገቡ ጺማቸውን ያንዠረገጉ ሰዎች ከየመጽሐፉ ሽፋን ላይ ያፈጡባችኋል። እዚህ አንድም ጺም የለም! ፈረስ፣ ኬክ፣ ሹራብ የምትሠራ ሴትዮ። አንዱን መጽሐፍ ገለጥ ባደርገው መቶ ዓይነት ዓሣ በቀለም። "ይኼን ያነበበ ሰው ምን ይሆናል?" ብዬ ሂሩትን በጆሮዋ ጠየቅኋት። "ይርበዋል" አለችኝ።

ከዚያ ትልቁ መደብር ገባን። ውስጡ እንደ ውርጭ ይቀዘቅዛል። ጉንጩ በጫት ያበጠ ጨርቅ ሻጭ አንዱን ጣቃ ዘረጋ፣ ሌላውን ደረበበት፣ ሦስተኛውን አወረደ። ሰልፍ የለም፣ ካርድ የለም። ስንት ሜትር ልቁረጥልሽ ብሎ በሱማሌኛ ጠየቀኝ፤ ፈቲያ ተረጎመችልኝ። እኔም "ስንት ይፈቀዳል?" አልኩ። ይኼን ስትነግረው ሰውየው በሳቅ ፍርስ አለ። ጎረቤቱን ጠርቶ አስደገማት፤ እሱም ሳቀ።

"አቦ አታዋርጂን!" አለች ፈቲያ እጄን ይዛ እየጎተተችኝ። "ወላሂ ሁለተኛ ካንቺ ጋር አልወጣም!"

ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል። ሲናገሩ ደግሞ ቀሚስ ይቀራል።

እነሱ ሽቶ ቤት ሲገቡ እኔ እፍረቴን ይዤ ውጭ ቀረሁ። ያን ጊዜ ነው ያየሁት። ከመንገዱ ማዶ፣ በአንድ ግንብ ጥላ ሥር፣ ሰልፍ! ያውም ረጅም! አማርኛ ይሰማል፣ ኦሮምኛ ይሰማል። የአገሬ ሰው! እግሬ ከእኔ ቀድሞ ተሰለፈ።

ከፊቴ የቆመችው ሴትዮ እግሯ በጨርቅ ታስሯል። ዞር ብላ "ብቻሽን ነሽ እናቴ?" አለችኝ።

"ሁለት ጓደኞቼ ይመጣሉ። ተራ ይዤላቸው ነው።"

"በእግራቸው?"

"አዎ፣ በእግራቸው።" ሽቶ ቤቱ እዚያው ማዶ አይደል?

ሴትዮዋ አማተበች። "እሱ በሰላም ያውጣቸው" ብላ ዕንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። ደነገጥኩ። ስኳር እዚህ አገር እንዲህ ያስለቅሳል? መጠየቅ ነበረብኝ። ግን ማን አፍ አለው?

ተራዬ ደረሰ። ከጠረጴዛው ኋላ መነጽር ያደረገ የእኛው አገር ሰው ቅጽ ይሞላል። ስም አለኝ፣ ነገርኩት። የአባት ስም አለኝ፣ ነገርኩት። ከየት አለኝ፣ ከድሬዳዋ አልኩ። በምን መጣሽ አለኝ፣ በባቡር አልኩ። ቀና ብሎ አየኝ።

"በባቡር? እሺ፣ ለምን ተሰደድሽ?"

ተሰደድሽ? ዞሬ ሰልፉን አየሁት። ጥቅልል ዕቃ፣ የተበሳ ጫማ፣ አቧራ የጠጣ ሕፃን። እኒህ ሁሉ አገር ጥለው የሸሹ ናቸው! የአባዬ ስም ደግሞ ከስሜ አጠገብ ተጽፏል፤ ቀለሙ ገና አልደረቀም። የሊቀመንበራችን ጆሮ ጅቡቲ ድረስ ይደርሳል እየተባለ ይወራል።

"ንገሪኝ እንጂ፣ ማን አሳደደሽ?"

"ስኳር መስሎኝ ነው" አልኩ።

መነጽሩን አወለቀ። "ምን?"

"ስኳር... ሰልፉን አይቼ... አባዬ ዋስ ነው።"

ይስቃል ብዬ ነበር፤ አልሳቀም። ቅጹን አራት ቦታ ቀደደው። ቁራጮቹን መዳፌ ላይ አስቀምጦ ጣቶቼን በላያቸው አጠፈልኝ። "እዚህ አካባቢ እንዳትጥዪው። ሩጪ!" አለኝ።

ባሕሩን ያየሁት ያን ጊዜ ነው፣ ወረቀቱን ስበትንበት።

እሑድ አባዬ ጣቢያው ላይ ቆሞ አገኘሁት። የሆነውን በጆሮው ነገርኩት። ፊቱ አመድ መሰለ።

በማግስቱ ፈቃዱን ልንመልስ ቀበሌ ሄድን። ሊቀመንበሩ "እህ፣ ጅቡቲ ምን አየሽ?" አለኝ። ጭንቅላቴ ውስጥ የነበረው አንድ ነገር ብቻ ነው። "ሰልፍ" አልኩ። አባዬን ሳል ያዘው። ሊቀመንበሩ ግን ከወንበሩ ተነሳ። "ሰልፍ? እዚያም ሰልፍ አለ?"

በሚቀጥለው ስብሰባ አዳራሹ ፊት አቆመኝ። እኔን! "ሰልፍ ያለው እኛ ጋ ብቻ ነው እያሉ የሚያወሩ አሉ" አለ ለሕዝቡ። "ይህች ልጅ ግን በዓይኗ አይታ መጥታለች። ሰልፉ ረጅም ነው ወይስ አጭር?"

"ረጅም ነው።"

"ሰዎቹስ? ደስተኞች ናቸው?"

"ያለቅሳሉ።"

አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። እነማን እንደሚያለቅሱ የጠየቀኝ አንድ ሰው የለም። ከሁሉም አብልጦ፣ ላቡ በግንባሩ እየወረደ ያጨበጨበው አባዬ ነው።