አብሮነት በፊተኛው ሕንፃ

በቆዳ ቀለም መናናቅን ከምድረ ገጽ ለማጥፋት ቆርጦ የተነሣ ትምህርት ቤት ካለ ይህ ነው። ጠቆር ያሉት የሰፋሪ ልጆች በኋለኛው ሕንፃ፣ ቀላ ያሉት በፊተኛው ይማራሉ፤ በመካከል ያለው አጥር እንኳ ፍቅርን እንዳይጋርድ ታስቦ ሽቦ ሆኗል።

ርእሰ መምህሩ ስለ አብሮነት የሚያስተምር የልጆች መጽሐፍ በእንግዶች ፊት እንዲነበብ ባዘዙ ጊዜ ከሁሉ ደስ ያላት የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ነበረች። መጽሐፉ ከዳር እስከ ዳር የሁለት ልጆች ወግ ነው፦ ቀላ ያለችው ትጠይቃለች፣ ጠቆር ያለችው ትመልሳለች። በፊተኛው ሕንፃ የምትማረው የሠራተኛዋ የእህት ልጅና የኋለኛው ሕንፃ ጓደኛዋ ከሽቦው ወዲህና ወዲያ ቆመው አጥንተውታል። አብረው እንደሚያነቡ ቃል የገባችላቸውም አክስትየዋ ናት።

“ጋሼ፣ ሁለተኛዋን አንባቢ ከኋላ ላምጣት?”

“እንዴት ተደርጎ! ስለ እነሱ ሲነበብ እነሱው ቢሰሙ አይሸማቀቁም? ክብራቸውን እናስብ እንጂ።”

“መልሱን ማን ያነባል ታዲያ?”

“የእህትሽ ልጅ አፍ የላትም?”

ቀኑ ደረሰ። ርእሰ መምህሩ “ድር ቢያብር” ብለው ጀምረው፣ አንበሳውን ሳያስሩ ብዙ ተናገሩ። ከዚያ ልጅቷ ተነሥታ “ስምሽ ማን ነው?” ብላ አነበበችና መጽሐፉን ዝቅ አደረገች።

“ቀጥይ እንጂ፣ የኔ ልጅ።”

“ተራው የኔ አይደለም።”

“የማን ነው?”

“የሷ።”

በመስኮቱ ወደ ውጭ ጠቆመች። ጓደኛዋ ጣቶቿን በሽቦው አሾልካ ቆማለች።

እንግዶቹ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። አክስትየዋ ብድግ አለች። “የአጥሩን በር ልክፈትላት፤ አፍታም አይፈጅ።”

“በሩን የዘጋው ኮሚቴ ነው፤ የሚከፍተውም ኮሚቴ ነው። ዛሬ ደግሞ ኮሚቴው በሙሉ አብሮነትን እያከበረ ነው። ተቀመጪ።” ወደ ልጅቷ ዞሩ። “ያንቺ ያልሆነውን እየዘለልሽ አንብቢ፣ ልጄ።”

ልጅቷም ዘለለች። “ቤታችሁ የት ነው?” ገለጠች። “ኳስ ትወጃለሽ?” ገለጠች። “አብረን እንጫወት?” ገለጠች። መጽሐፉ አለቀ።

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። የክብር እንግዳው ዓይናቸውን እያበሱ፣ ወሬ የማያበዛ እንዲህ ያለ መጽሐፍ ገጥሟቸው እንደማያውቅ መሰከሩ። ከኋላ ወንበር ግን አንዲት እናት እጇን አወጣች።

“ያቺኛዋ ምን ብላ መለሰች? ተጫወቱ?”

ርእሰ መምህሩ በትዕግሥት ፈገግ አሉ።

“እመቤቴ፣ ዋናው እኛ መጠየቃችን ነው።”